ጤናን በደረጃ መጠበቅ፦ የጥንት ቻይናውያን ትምህርት ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?



ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ በራዲዮ የተነገረ ነው። በራዲዮ የተነገረ ቃል አንዴ ካለፈ ተመልሶ አይያዝም። አሁን ግን በወረቀት ላይ ሰፍሮ እጃችሁ ገብቷል፤ ያልገባችሁን መልሳችሁ ለማንበብ፣ ያጠራጠራችሁንም ከጎረቤት ጋር ለመከራከር ትችላላችሁ። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጤና ቢሆንም ውስጡ ሲታይ ስለ ማንበብም ነው።

ነገሩ የተነሣው በማታ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ወዲህ ቀን ሕፃናትን፣ ማታ ደግሞ አዋቂዎችን አስተምራለሁ። አንድ ማታ ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ገና አራተኛ ወራቸው ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ የታጠፈ ወረቀትና አንድ እሽግ ዱቄት ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው እንጂ ራሴ ባነበብኩት ነበር። ሁለተኛው ደረጃ መቼ እንደሚጀመር እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ዓይናቸው እንዳልደከመ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ወረቀቱ «በቻይና ባህላዊ ሕክምና ላይ የተመሠረተ የሦስት ደረጃ የጤና ፕሮግራም» ይላል። አንደኛው ደረጃ ሰውነትን ማጽዳት ነው፤ ሁለተኛው ማመጣጠን፣ ሦስተኛው ማጠንከር። በአንደኛው ደረጃ ዱቄቱ ጧትና ማታ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል፣ በዚህ ጊዜ ሌላ ማናቸውም መድኃኒት እንዲቆም ያዛል። እኚህ እናት ደግሞ ደም ብዛት አለባቸው፤ በየወሩ ከጤና ጣቢያ ኪኒን ይወስዳሉ። «የሸጠልኝ ሰው በቃሉ ነግሮኝ ኪኒኑን ትቼዋለሁ፤ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። በማግስቱ ጧት አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኪኒኑንም ያኑኑ ዕለት እንዲቀጥሉ ታዘዙ። ስንመለስ በመንገድ ላይ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ልጄ፣ ቻይኖቹ ዋሽተውኛል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ የሚረባ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተገኘ መልስ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ደረጃው ከየት መጣ?

ጤናን በደረጃና በተራ መጠበቅ የሚለው ሐሳብ አንድ ነጋዴ ትናንት የፈጠረው አይደለም። የጥንት ቻይናውያን በእርግጥ የነበራቸው ትምህርት ነው። የቻይና ባህላዊ ሕክምና መሠረት ሆኖ የሚቈጠረው መጽሐፍ «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ» ይባላል። የተጠናቀረው ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጸሐፊዎቹ ትምህርቱን ያቀረቡት በአፈ ታሪክ የሚነገርለት ንጉሥ ከሐኪሙ ከቺ ቦ ጋር እንደሚነጋገር አድርገው፣ በጥያቄና በመልስ ነው።

ይህ መጽሐፍ ዓመቱን በአራት ወቅቶች ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ወር ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ፀደይ ነው፤ ሁሉ ነገር የሚወለድበት። በዚህ ጊዜ ሰው ማለዳ ተነሥቶ፣ ፀጉሩንና ልብሱን ላላ አድርጎ፣ በግቢው ውስጥ እንዲንሸራሸር ይመከራል። ሁለተኛው በጋ ነው፤ ሁሉ የሚያድግበት። ሰው ፀሐይን እንዳይሰለች፣ ቁጣንም እንዳያበዛ ይነገረዋል። ሦስተኛው የመከር ወቅት ነው፤ ሁሉ የሚሰበሰብበት። ሰው በጊዜ ይተኛል፣ ከዶሮ ጋርም ይነሣል። አራተኛው ክረምት ነው፤ ሁሉ በጎተራ የሚከተትበት። የእነሱ ክረምት እንደኛ ዝናብ ሳይሆን ውርጭና በረዶ መሆኑን አትርሱ። በዚህ ጊዜ ሰው በጊዜ ተኝቶ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቆ እንዲነሣና ከብርድ እንዲጠነቀቅ ተጽፏል።

እንግዲህ ልብ በሉ! በእነዚህ አራት ደረጃዎች ውስጥ የሚገዛ ዱቄት የለም። ያለው እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴ፣ የልብ ሁኔታና የአየር ጠባይ ነው። የመጽሐፉ ዋና ምክር ሐኪም በሽታ ከመጣ በኋላ ከሚደክም አስቀድሞ መከላከሉ ይበልጣል የሚል ነው። እኛስ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንል የለ?

በመቃብር ውስጥ የተገኘው ሥዕል

በ1973 መጨረሻና በ1974 መጀመሪያ ላይ፣ በሁናን ክፍለ ሀገር በቻንግሻ ከተማ አጠገብ፣ ማዋንግዱይ በሚባል ስፍራ የቻይና አርኪዮሎጂስቶች አንድ የመኳንንት መቃብር ቈፈሩ። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ነው። በውስጡ በሐር ላይ የተጻፉ መጻሕፍት ተገኙ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ተበጣጥሶ የነበረና በብዙ ድካም የተገጣጠመ ሥዕል ነው። ሥዕሉ 44 ሰዎችን በአራት ረድፍ፣ በየረድፉ 11 አድርጎ ያሳያል። ወንድም ሴትም፣ ወጣትም ሽማግሌም አሉበት። አንዱ ክንዱን ይዘረጋል፣ ሌላው ይጐነበሳል፣ ሌላዋ ወደ ላይ ትንጠራራለች። በየሥዕሉ አጠገብ የእንቅስቃሴው ስም ወይም የሚረዳው በሽታ ተጽፎ ነበር፤ ብዙውም እስከ ዛሬ ይነበባል። የድብና የዝንጀሮ አካሄድን የሚመስሉ እንቅስቃሴዎችም አሉ።

አሁን ደግሞ የሚያስደንቀውን ስሙ። ይህ ሥዕል የተገኘው በአንድ መስፍን ልጅ መቃብር ውስጥ ነው። የእናቲቱ መቃብር ከዚያው አጠገብ ሆኖ ቀደም ሲል በ1972 ተከፍቶ ነበር። ሬሳዋ ሳይፈርስ በመቆየቱ ሐኪሞች እንደ ትናንት ሟች መረመሩት። እመቤቲቱ የሞተችው ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ሰውነቷ ወፍራም ነበር፤ የልቧ ደም ሥሮች ጠበዋል፣ በሐሞት ከረጢቷም ጠጠር ተገኝቷል። ልጇ ከነሥዕሉ ከተቀበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሷን የገደላት የልብ ሕመም ነው ብለው ሐኪሞቹ ደመደሙ።

አያችሁ? የጤና ጥበብ በሐር ተጽፎ በቤቱ ውስጥ ነበር። ጥበብ በቤት መኖሩ ብቻ ግን ለእመቤቲቱ አልረዳትም።

በሁቤይ ክፍለ ሀገር ደግሞ፣ ዣንግጂያሻን በሚባል ቦታ፣ በ1983 እና በ1984 ከተቈፈረ ሌላ መቃብር በቀርከሃ ስንጥር ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ተገኘ። ይህ መቃብር ከማዋንግዱዩ በጥቂት ዓመታት ይቀድማል። መጽሐፉ በአራቱ ወቅቶች የዕለት ሥርዓት ይጀምርና እንቅስቃሴዎቹን አንድ በአንድ በቃል ያስረዳል። መጨረሻ ላይ የበሽታን ምክንያት ሲዘረዝር መኳንንቱና ተራው ሕዝብ የሚታመሙበት መንገድ የተለያየ ነው ይላል። መኳንንቱን የሚያሳምማቸው ደስታቸውንና ቁጣቸውን አለመግዛታቸው ነው። ተራውን ሰው የሚያሳምመው ግን የሥራ ብዛት፣ ረኃብና ጥም ነው። ይህ የተጻፈው ከዛሬ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው! ለደከመው ሰው መጀመሪያ ዕረፍት፣ ለተራበውም መጀመሪያ እህል እንደሚያስፈልገው ያ ጸሐፊ ሳይገባው አልቀረም።

ከመኳንንት ቤት ወደ አደባባይ

በእርግጥ ትምህርቱ በመቃብር ተቀብሮ አልቀረም። በ208 ዓ.ም. የሞተው ሁዋ ቱዎ የሚባል ሐኪም የነብርን፣ የአጋዘንን፣ የድብን፣ የዝንጀሮንና የወፍን ጠባይ የሚከተሉ አምስት የእንቅስቃሴ ዓይነቶችን አስተማረ። ሁዋ ቱዎ ሰውነትን ሁልጊዜ ከሚከፈትና ከሚዘጋ በር ማጠፊያ ጋር እያመሳሰለ ያስረዳ ነበር፤ የማይንቀሳቀሰው ይበላሻል ለማለት ነው። የቻይና ዜና መዋዕል ደቀ መዝሙሩ ዉ ፑ ይህን እየሠራ ከዘጠና ዓመት በላይ እንደኖረ ይተርካል።

በሰባተኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሱን ሲሚያዎ የሚባል ታላቅ ሐኪም ተነሣ። የሞተው በ682 ነው። የእሱ ደረጃ አሰጣጥ ለእኛ ጥያቄ በጣም ይጠቅማል። ሐኪም በመጀመሪያ የበሽታውን ምንጭ ይወቅ፤ ከዚያ በምግብ ይሞክር፤ ምግብ ካልረዳ በኋላ ብቻ መድኃኒት ይስጥ ብሎ አስተማረ። መድኃኒት ኃይለኛ ነገር ስለሆነ በዘፈቀደ አይነካም ማለቱ ነው። ከምግብ በኋላ ጥቂት መራመድና ሆድን በእጅ ማሸት ጥሩ መሆኑንም ጽፏል። እንግዲህ የእናታችንን ወረቀት ከዚህ ጋር አስተያዩ። ወረቀቱ የሚጀምረው ሱን ሲሚያዎ በመጨረሻ ካስቀመጠው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ ማለትም ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ባዱዋንጂን የሚባሉት ስምንት እንቅስቃሴዎች ታወቁ። ስሙ «ስምንት ቁራጭ ያማረ የሐር ጨርቅ» እንደ ማለት ነው። በዛሬው አሠራር በመጀመሪያው ሁለት እጅ ወደ ሰማይ ይነሣል፤ በሁለተኛው ቀስት እንደሚስብ ሰው ክንድ ይዘረጋል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥልና በስምንተኛው ሰው በእግሩ ጣቶች ቆሞ ተረከዙን ሰባት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ማንበብ የማይችለው ሰው እንዳይረሳ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በአንድ የግጥም ስንኝ ይነገር ነበር። ስምንት ስንኝ በቃሉ የያዘ ሰው ስምንቱንም በተራ ይሠራል ማለት ነው።

ወደ ራዲዮ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ሰፋ። ጃፓን ከ1928 ጀምሮ የሰውነት ማጎልመሻ እንቅስቃሴ በራዲዮ ታሰማ ነበር። ቻይናም በኅዳር ወር 1951 ላይ የመጀመሪያውን የራዲዮ እንቅስቃሴ አወጀችና ከታኅሣሥ 1 ቀን ጀምሮ በማዕከላዊው ራዲዮ ማሰማት ያዘች። ይህኛው እንቅስቃሴ ከባህላዊው ሕክምና የተወሰደ ሳይሆን ዘመናዊ ጂምናስቲክ ነው። ሆኖም በአንድ ድምፅና ቁጥር በየትምህርት ቤቱ፣ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ሰው በአንድነት ክንዱን ማንሣት ለመደ። በ1956 ደግሞ ረጅሙ የታይ ቺ እንቅስቃሴ ለብዙኃኑ እንዲመች ወደ 24 አጠረ። በ2003 የቻይና የስፖርት መሥሪያ ቤት ከጥንቶቹ ውስጥ አራቱን መርጦና አሻሽሎ አወጣ፤ ባዱዋንጂንና አምስቱ የእንስሳት እንቅስቃሴዎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በመስፍን ልጅ መቃብር የነበረ ነገር እንዲህ ሆኖ የመናፈሻ ጡረተኞች የጧት ሥራ ሆነ።

«ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የማያዳላ መልስ እንዲህ ነው። ታይ ቺን በትዕግሥት የሚሠሩ አረጋውያን ሚዛናቸው እንደሚጠናና መውደቅ እንደሚቀንስላቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ይሁን እንጂ የጥንት ቻይናውያን በሰውነት ውስጥ ይሄዳል የሚሉት «ቺ» የተባለ ኃይልና የሚሄድባቸው መንገዶች በሰውነት ምርመራ አልተገኙም። ልምምዱ መጥቀሙ አንድ ነገር ነው፤ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል መሆኑ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንቀላቅል።

አንድ ቃል ሲነበብና ሳይነበብ ሲቀር

አሁን ሁለት ታሪክ ላጫውታችሁ፤ አንዱ የሚያስደስት፣ ሌላው የሚያሳዝን።

በ1967 ቻይና ለወባ አዲስ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረች። ቱ ዮዩ የምትባል ተመራማሪ በ1969 ሥራውን ተቀላቀለችና ከባልደረቦቿ ጋር የጥንት መጻሕፍትን ታገላብጥ ጀመር። አንድ ቅጠል መጀመሪያ ተስፋ ሰጠ፤ ቈይቶ ግን ሙከራው አልሠምር አለ። በመጨረሻ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ የጻፈውን የመድኃኒት መጽሐፍ እንደገና አነበበች። ጌ ሆንግ ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅ እንጂ መቀቀል አላለም። «ታዲያ ሙቀት ይሆን የሚያበላሸው?» ብላ አሰበች፤ መድኃኒቱን በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በ1971 በእንስሳት ላይ ሠራ፤ በ1972 በራሷ ላይ ሞከረችው። ከዚያ ቅጠል የወጣው አርቴሚሲኒን ይባላል። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። አገራችንም ከ2004 ጀምሮ ለወባ የተቀበለችው ኮአርተም የተሠራው ከዚሁ ዘር ነው። ያ ሁሉ የመጣው አንዲት ሴት አንድን ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ቀስ ብላ በማንበቧ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በቤልጅየም ዋና ከተማ በብራስልስ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሰውነት ለመቀነስ በሚደረግ ሕክምና ውስጥ የቻይና ቅጠላ ቅጠል የተቀላቀለበት ኪኒን ለሴቶች ይሰጥ ነበር። በ1992 ሐኪሞች ኩላሊታቸው በድንገት የደከመ ሴቶችን ማየት ጀመሩ። ነገሩ ሲመረመር ጥፋቱ በስም ላይ ተገኘ። በቻይንኛ «ፋንግ ጂ» በሚል ስም የሚጠሩ ከአንድ በላይ ሥሮች አሉ። አንደኛው ለሕክምናው የታሰበው ነው፤ ሌላው ኩላሊትን የሚያጠፋ አሲድ ያለበት ነው። ስማቸው አንድ በመሆኑ አንዱ በሌላው ተተካ። የተጎዱት ሴቶች ከመቶ በላይ ሆኑ። ብዙዎቹ በኩላሊት እጥበት ወይም ከሌላ ሰው በተወሰደ ኩላሊት ለመኖር ተገደዱ፤ ከጊዜ በኋላ ካንሰር የያዛቸውም ነበሩ። በ1993 ሐኪሞቹ ታሪኩን አሳተሙት፤ በ2002 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህ አሲድ ያለባቸውን ቅጠላ ቅጠሎች ካንሰር አምጪ ናቸው ብሎ መደባቸው።

እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። ሁለቱም የቻይና ቅጠል ነው። ሁለቱም ከጥንት የመጣ ነው። ያን ሕዝብ ያዳነው፣ ይህን ያጠፋው ምንድን ነው? በአንደኛው ምን እንደሆነ ተነበበ፣ ተጠየቀ፣ ተፈተነ። በሁለተኛው ግን ሴቶቹ የሚውጡት ነገር ምን እንደሆነ የመረመረላቸው አልነበረም። ጥንታዊ መሆኑ ብቻውን መድኃኒት አያደርገውም፤ ከሩቅ አገር መምጣቱም ብቻውን መርዝ አያደርገውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ማንም ሰው የደረጃ ፕሮግራም ይዞ ቢመጣባችሁ አትሳደቡ፣ አታባርሩትም። ግን አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ በውስጡ ያለው ነገር በስም ተጽፏል ወይ? ስሙ ካልተጻፈ ወደ አፍ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሙ ይላል ወይ? እንዲህ የሚል ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ።

ሦስተኛ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል ወይ? እንቅልፍን፣ ምግብንና እንቅስቃሴን ዘልሎ በሚሸጥ ነገር የሚጀምር ከሆነ ጥንት ያልነበረ ደረጃ ነው።

አራተኛ፣ ቢያቆሙት ምን ይሆናል? በጧት ክንድን ማንሣት ሲደክም ይተዋል። አንድ እሽግ ዱቄት ግን ከተጠጣ በኋላ መልሶ አይወጣም።

እንቅስቃሴውን ለመጀመር የምትፈልጉም በርቱ፤ ግን በአንድ ቀን ስምንቱንም አትያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን፣ በሁለተኛው ሁለቱን አድርጉ። ራስ የሚያዞረው፣ የወገብ ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክር። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂላችን ለዚህም ይሆናል።

ወደ እናታችን ልመለስ። ይህን ታሪክ በማታው ክፍል ሳጫውት በጽሞና ያዳምጡ ነበር። ስለ ሟቿ እመቤት ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ወይ እህቴ! ጥበቡ ከቤቷ ተቀምጦ!» አሉ። ከዚያ የጠየቁኝን ጥያቄ ራሳቸው መለሱት፦ «ቻይኖቹ አልዋሹኝም። የዋሸኝ ያ ወረቀት ነው፤ እኔም ወረቀቱን አላውቀውም ነበር።»

ዛሬ ጧት ጧት በግቢያቸው ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ያነሣሉ። ከዚያ ገብተው ቁርሳቸውን ይበላሉ፣ ኪኒናቸውን ይወስዳሉ። ባለፈው ወር ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን ካርድ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና በጣታቸው እየተከተሉ «ቀ… ጠ… ሮ» ብለው ራሳቸው አነበቡ። ቀኑንም አነበቡ። ስለ ዓይናቸው ድካም በዚያ ቀን አልተነሣም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ በቤታችሁ ያለውን የመድኃኒት ዕቃ ሁሉ አውጥታችሁ የተጻፈበትን አንብቡ። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም ዕቃውን ይዞ እንዲመጣ ንገሩትና አንብቡለት፤ ቀጥሎ ደግሞ ፊደል አስቈጥሩት።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።